የድኃ ልጅ ቦታ

ጡረታ ወጣህ ተባልኩ እንጂ እግሬ ይህን አልሰማም። ጠዋት ቁርሴን በልቼ፣ ኮቴን ለብሼ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ ከዚያ ወዴት እንደምሄድ ይጠፋኛል። የመቱን ገበያ ዞሬ እመለሳለሁ፤ ቁጭ ከማለቴ ደግሞ እነሳለሁ። ባለቤቴ አስካለ፣ "ኧረ ሰውዬ፣ ወንበሩ እሾህ አለው እንዴ? አረፍ በል እንጂ!" ትለኛለች። ምን ላድርግ? ዕድሜዬን በሙሉ በጭቃ መንገድ ላይ ነው የፈጀሁት። በቀደም ለቅሶ ልንደርስ ሄደን፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ሲያለቅስ እኔ ለካ የሰዎቹን ጎተራና ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ኮርቻ እያየሁ ኖሯል። አስካለ በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ፣ "እነዚህ ሰዎች መንግሥትን ምንም አልጠየቁም፤ አርፈህ አልቅስ" አለችኝ።

ሥራዬ እንዲህ ነበር። ጠላት ከአገር ወጥቶ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ፣ የድኃ ልጆች በነፃ እየበሉና እየለበሱ የሚማሩበት አዳሪ ቤት መቱ ላይ ተቋቋመ። ቦታው ጥቂት ነበር፤ አንዱ ገባ ማለት ሌላው ቀረ ማለት ነው። የሚገባው ልጅ አባቱ መሬት፣ ንግድ ወይም ሹመት የሌለው መሆን አለበት። ድህነቱን ያጥቢያው ዳኛ ይመሰክርለታል፤ ከዚያ ከመሥሪያ ቤታችን አንድ ሰው ሄዶ ቤቱን በዓይኑ ያያል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። በወረቀት ላይ ሌላ መጠሪያ ነበረኝ፤ በሕዝቡ አፍ ግን "ድኃ መርማሪው ተሰማ" ነበርኩ። የደመወዙን ነገር አታንሱብኝ። አንዳንድ ወር ራሴን መርምሬ ራሴን አዳሪ ቤት ማስገባት ያምረኝ ነበር።

ሀብታም ምን አጥቶ የድኃ ልጅ ቦታ ይሻማል ትሉኝ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ እንደዚያ እል ነበር፤ የዋህ ነበርኩ። ለካ የመንግሥትን ቀለብ ለድኃ ትቶ ለልጁ ከኪሱ የሚያወጣ ሰው በጓደኞቹ ዘንድ እንደ ሞኝ ይታይ ኖሯል! ስንቱ ባለ ቡና፣ ስንቱ ባለ መሬት ልጁን በነፃ ማስገባቱን በጠጅ ቤት እንደ ጀብዱ ሲያወራው ሰምቻለሁ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ ዘለቀ ናቸው። ረዥም፣ ቀጭን፣ ጃንጥላ ከእጃቸው የማይለይ ሰው ነበሩ። ወላጆቻቸው ከመንዝ የመጡ ቢሆኑም ኦሮምኛ ሲናገሩ እዚያው ያዮ ጫካ ውስጥ የተወለዱ ነበር የሚመስሉት። ኪሳቸው ውስጥ ሁልጊዜ ቆሎ አለ። በሚመረመር ሰው ቤት እህል አይቀምሱም፣ ውሃ እንኳ አይጠጡም። "ጠላውን ከቀመስክ በኋላ ድህነቱን ታምንለታለህ" ይሉኝ ነበር። ለሚመረመር ሰውም ቢሆን ከቆሏቸው አንዲት ፍሬ አያቀምሱም። ጉዳዩ እስኪያልቅ ሰጪም ተቀባይም አይደለሁም ባይ ናቸው።

ቤት ውስጥ ገብተው አይበረብሩም። በራፉ ላይ ቁጭ ብለው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ንቡ፣ ስለ ላሟ ያወራሉ። ቀስ ብለው ልጁን ይጠሩና፣ "በል የኔ ጌታ፣ ለዚህች ቆሎዬ ጨው አምጣልኝ" ይሉታል። በዚያ ቤት ያደገ ልጅ ጨዉን ዓይኑን ጨፍኖ ያመጣዋል። ለምርመራው ቀን ብቻ የመጣ ልጅ ግን ከማድጋ ማድጋ ሲንከራተት ይቆያል። ሌላው ዘዴያቸው ውሻ ነው። ልጁን ወደ ደጅ ይልኩትና ውሻው ምን እንደሚል ያዳምጣሉ። "ሰው ሁሉ መክሮ ይጠብቅሃል፤ ውሻውን የመከረው ግን የለም" ይላሉ፣ ፈገግ ሳይሉ።

አንዳንዱ ማጭበርበር ያስቅ ነበር። ጎሬ ላይ አንድ ነጋዴ የቆርቆሮ ጣሪያውን ሣር ከድኖበት ጠበቀን። ጭቃ ቤት፣ ሣር ክዳን፣ ምን ይወጣለታል? እሱ ድህነቱን እያለቃቀሰ ሲነግረን በረዶ መጣል ጀመረ። ያ ሣር ለካ ስስ ኖሮ፣ ጣሪያው ጆሮ እስኪያደነቁር ይንጣጣ ጀመር። ሰውዬው ድምፁን ከፍ አድርጎ ቀጠለ፤ በረዶውም ቀጠለ። ጋሼ ዘለቀ አባርቶ እስኪያልቅ በትዕግሥት አዳመጡትና ጃንጥላቸውን ይዘው ተነሡ። ኡካ ላይ ደግሞ አንዲት ወይዘሮ ባሏ ጥሏት እንደ ጠፋ ነገረችን፤ እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። እኔ አምኛት ይግባ ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አወጣሁ። ወዲያው ከጓዳ አንድ ወንድ አስነጠሰ። ጋሼ ዘለቀ ወደ ጓዳው ዞረው "ይማርህ!" አሉና ወጣን።

የሁሩሙው ነገር ግን የሚያስቅ አልነበረም።

በኛ አገር ጉዲፈቻ የታወቀ ነው። አንድ ሰው የሌላውን ልጅ በሽማግሌ ፊት፣ ተመርቆና ቅቤ ተቀብቶ "ልጄ ነህ" ብሎ ከተቀበለው አለቀ፤ ከአብራኩ ከወጣው ለይቶ አያየውም። ጎረቤትም "ይህ ልጅ ያንተ አይደለም" ብሎ አይናገርም። የተናገረ እንደሆነ ትልቅ ነውር ነው፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ነው የሚታረቀው። በሁሩሙ ሰፊ መሬትና የቡና ንግድ የነበራቸው ቀኛዝማች አየለ ይህችን ክፍተት አገኟት። ልጃቸውን ሰይፉን ገለታ ለሚባል ጭሰኛቸው በጉዲፈቻ ሰጡት። ልጁ በአንድ ቀን የጭሰኛ ልጅ ሆነ! ዳኛው መሰከረ፤ ጎረቤት ነውሩን ፈርቶ አፉን ዘጋ። ገለታ ምስኪኑ ምን ይበል? የሚያርሰው የሳቸውን መሬት ነው።

እኔና ጋሼ ዘለቀ ገለታ ጎጆ ደረስን። ሰይፉ መደብ ላይ ተቀምጧል፤ ዕድሜው አሥራ ሦስት ቢሆን ነው። ጨው አምጣ ሲባል ወደ ገለታ አየ። ወደ ደጅ ሲላክ ውሻው ሊቦጭቀው ተነሣ፤ የገለታ ሚስት ሮጣ ባትይዘው ኖሮ ልጁ አልቆለት ነበር። ከሁሉ የባሰው ግን ሰይፉ ተመልሶ ሲገባ የሆነው ነው። ገለታ፣ አባት ተብሎ የተቀመጠው ሰው፣ ብድግ ብሎ በርጩማውን ለልጁ ለቀቀለት። ከዚያ ያደረገውን አወቀና ደንግጦ ቆመ። ጋሼ ዘለቀ ምንም እንዳላየ ሰው ጎንበስ ብለው ገለታን ተሰናበቱት። መንገድ ላይ ግን፣ "ይህን ሰው የገዛ ጎጆው ውስጥ አዋረዱት" አሉኝ።

ሰይፉን አይገባም ብለን ጻፍን። ቀኛዝማች ሽማግሌ ሰብስበው መጡና መሥሪያ ቤቱን አተራመሱት። "ጉዲፈቻ ተሰደበ! ባህላችን ተናቀ!" ሆነ። አለቃችን አቶ በላቸው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጭቅጭቅ የሚፈራ፣ ቶሎ የሚሰለች ሰው ነበር። ጠረጴዛውን መታና አንድ ደንብ አወጣ፦ "ከእንግዲህ ጉዲፈቻ የሚባል ነገር አልሰማም! ወላጅ ያለው በወለደው አባቱ ይመረመራል። ወላጅ አልባ ድኃ አደግ ከሆነ፣ ያሳደገው ሰው ፊቴ ቀርቦ 'ልጄ አይደለም' ብሎ ወንጌል መትቶ ይማል። የማለ ያስገባል፤ ያልማለ ይመለሳል።" እኔ መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቀዳዳው ተደፈነ ብዬ።

ወዲያው ግን ጫላ ትዝ አለኝ።

ጫላ የያዮ ልጅ ነው። ወላጆቹ በበሽታ ሲሞቱበት፣ ዲንቂ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት በጉዲፈቻ ወሰደችው። ዲንቂ የጫካ ቡና ለቅማ፣ ማር ተሸክማ ገበያ እየወጣች የምትኖር ናት። በዚያው ወር ቤቷን መርምሬ ነበር። ጫላን ጨው አምጣ ስለው፣ "የለንም፣ ትናንት አልቋል" አለኝ። ውሻው እግሩ ሥር ተጋድሟል። ዲንቂ እኔን እንግዳውን ረስታ፣ "ይህን እጀ ጠባብህን በእሾህ ቀደድከው አይደል! ልብስ ከዛፍ ላይ ይለቀማል?" እያለች ትቆጣዋለች። ጫላ የያዮ አስተማሪው ያለውን ሁሉ ጨርሶ "ከእኔ በላይ የሚያስተምረው ይፈልጋል" ያለለት ልጅ ነው። ያን ዓመት ካልገባ ደግሞ ዕድሜው ያልፍበታል። ይግባ ብዬ በሙሉ ልቤ ጽፌለት ነበር። አሁን አዲሱ ደንብ ወረወረው።

ወደ ያዮ ገሰገስኩ። ዝናቡ አጥንቴ ድረስ ገብቷል፣ ጫማዬን ጭቃው ውጦታል። ለዲንቂ ነገሩን አስረዳኋት። "አንዲት ቃል ናት። ልጄ አይደለም ብለሽ ትምያለሽ፤ ከዚያ ልጁ ይማራል፣ ሰው ይሆናል። ማሎ፣ ስለ እግዚአብሔር!" እያልኩ ለመንኳት። ያላልኩት ነገር የለም፤ እግሯ ላይ ልወድቅም ነበር። ጫላ በሩን ተደግፎ ይሰማል። እሷ የቡናውን ወንፊት እየነቀነቀች ቆየችና "እመጣለሁ" አለች። እኔ እሺ ያለችኝ መሰለኝ።

የቀረው አንድ ቦታ ነበር። በቀጠሮው ቀን ጠዋት ቢሮ ስገባ፣ በአንዱ አግዳሚ ላይ ዲንቂና ጫላ፣ በሌላው ላይ ቀኛዝማች አየለና ሰይፉ ተቀምጠዋል። ሰውዬውን ሳይ ክው አልኩ። ጋሼ ዘለቀ ጆሮዬ ሥር፣ "ምን ሊሉ ነው የመጡት እኚህ ሰው?" አሉኝ። እኔም አልገባኝም ነበር።

አቶ በላቸው መጀመሪያ ዲንቂን ጠራ። ወንጌሉን አስጠጋላት። "ይህ ልጅ ልጅሽ ነው ወይስ አይደለም?"

ዲንቂ አማርኛ ትሰማለች፤ ግን በራሷ ቋንቋ መለሰች። "ኢልመ ኮቲ" አለች። ልጄ ነው ማለቷ ነው።

እኔ ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። "ዲንቂ! ምን ተባብለን ነበር?"

አቶ በላቸው እንኳ አዘነላት መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እናቴ፣ ለወረቀት እኮ ነው። ለወረቀቱ ብቻ በይው።"

ዲንቂ ረጋ ብላ ተናገረች፤ ጋሼ ዘለቀ እየተረጎሙ። "ወረቀቱ አይሰማም፤ ልጁ ግን ይሰማል። እናቱ ስትሞት 'አለሁልህ' ብዬው ነው። አሁን እዚህ ቆሞ እየሰማኝ አይደለም ልበለው? ይማር ብዬ ነው ይህን ሁሉ መንገድ የመጣሁት። እንደ ልጄ አስገቡልኝ ልላችሁ ነው የመጣሁት። እንደ ልጄ ካልሆነ አልችልም።"

አቶ በላቸው ላቡን ጠረገና ወደ ቀኛዝማች ዞረ። ቀኛዝማች ካባቸውን አስተካክለው ተነሡ። እጃቸውን ወንጌሉ ላይ አሳረፉ።

"ይህ ልጅ በደጄ የተጣለ ነው። አባቱን አላውቅም፣ እናቱንም አላውቅም። ለነፍሴ ብዬ ነው ያሳደግኩት። ልጄ አይደለም። ንጉሥ ይሙት!"

አንዴም አልተደናቀፉም። ሰይፉ አጠገባቸው ቆሟል፤ አፍንጫው የሳቸው፣ ግንባሩ የሳቸው፣ አቋቋሙ እንኳ የሳቸው። አገር የሚያውቀው ልጃቸው ነው! የእውነት ወላጅ አልባው ደግሞ እዚያ ማዶ፣ እናት አለህ ተብሎ ቦታ ተነፈገ። ሰይፉ አባቱን ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔ ጮኽኩ። ምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ አቶ በላቸው "አቶ ተሰማ! ማሉ እኮ! እኔ ምን ላድርግ? ደንብ ደንብ ነው!" ሲለኝ ብቻ ትዝ ይለኛል። ቦታው ለሰይፉ ተጻፈ።

ጋሼ ዘለቀ ከኪሳቸው ቆሎአቸውን እንዳለ አውጥተው የጫላን እጅ ሞሉት። ጉዳዩ አልቋልና። እሳቸውም ከዚያ ወዲያ ቤት መመርመር በቃኝ ብለው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ቀሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ጡረታ ወጡ።

ዲንቂንና ልጇን እስከ ሶር ወንዝ ሸኘኋቸው። ጫላ ከኋላ ቀርቶ ብቻውን ይሄዳል፤ ከእናቱ ጋር መሄድ አልፈለገም። አንድ ቦታ ላይ ቆሎውን መንገዱ ላይ በተነና፣ "አንዲት ቃል ነበረች! ብትያት ምን ነበረበት? እኔ እኮ አልከፋም ነበር!" ብሎ ጮኸባት። የዲንቂ እንባ ወረደ። እኔ ምን ልበል? ያቺን ቃል በያት ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬም ቢሆን አንድ ቀን "ምነው ባለችው" እላለሁ፤ በነጋታው "እንኳን አላለችው" እላለሁ። ወንዙ ዳር ስንለያይ ጫላ ጉንጬን ስሞ ተሰናበተኝ፤ እናቱን ግን ገና አላናገራትም።

ከዚያ በኋላ በየመንደሩ ስዞር እንደ ድሮው አልነበርኩም። ጨው አምጣ ማለት እንኳ ያስጠላኝ ጀመር። ቀን ቀን እየሄድኩ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያ ቦታ በዚያው ዓመት ከተለቀቀ ጫላ ገና ይደርስበታል። አቶ በላቸውም በጭቅጭቄ ብዛት ይህን በቃሉ ሰጥቶኛል፤ "ከተለቀቀ ያንተ ልጅ ይገባል፣ አሁን ተወኝ" ብሎኛል።

የገና ዕረፍት ደረሰ። የአዳሪ ቤቱ ደጅ በወላጆችና በበቅሎ ተሞላ። እኔም ለሥራ እዚያው ነበርኩ። ቀኛዝማች አየለ አንዲት ኮርቻዋ የሚያብለጨልጭ ባዶ በቅሎ አስከትለው መጡ፤ ሰይፉን ሊወስዱ። ዘበኛው ልጁን ጠርቶ አመጣው። ሰይፉ በሩ ላይ ቆመ እንጂ አልወጣም።

"ና እንጂ! እናትህ እየጠበቀችህ ነው" አሉት።

"እኔ ድኃ አደግ ነኝ" አለ ልጁ። ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። "አባት የለኝም። እርስዎ ራስዎ ነዎት ምለው የተናገሩት።"

ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ አየ። ዘበኛው ተጨንቆ፣ "ጌታዬ፣ ድኃ አደግ የሚወስደው ዘመድ የለውም ነው የተባልኩት፤ እዚሁ ነው የሚውለው" አለ። ቀኛዝማች ፊታቸው ደም መሰለ። ዙሪያቸውን ሲያማትሩ እኔን አዩኝ።

"ተሰማ! አንተ ታውቃለህ! አንተ ገለታ ቤት ድረስ ሄደህ አይተሃል። ልጄ መሆኑን ለዚህ ዘበኛ ንገርልኝ!"

ያችን ቃል ከአፋቸው ለመስማት ስንት መንገድ ሄጃለሁ! ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። ቀረብኳቸውና፣ "አውቃለሁ፣ ቀኛዝማች" አልኳቸው። "አቶ በላቸው እዚህች ቢሮ ውስጥ አለ። ሦስታችን እንግባ። 'ልጄ ነው፣ በሐሰት ነው የማልኩት' ይበሉት። ከዚያ ልጅዎን አቅፈው ይውሰዱት፤ ገንዘብ አላጡ፣ ከፍለው ያስተምሩታል። ቦታውን የያዮው ልጅ ይይዘዋል። ማንም አይከስዎትም፤ እኔ ራሴ የአለቃዬን እግር እስምልዎታለሁ።"

ልጃቸውን አዩት። ሰይፉ በሩን ለቆ አንድ እርምጃ ወደ ውጭ ወጣ፤ ዓይኑን ከአባቱ ፊት አልነቀለም። በዚያች ቅጽበት የሚሉት መስሎኝ ነበር፤ አፋቸው ተከፍቶም ነበር። ከዚያ ወላጆቹን ሁሉ፣ ቆመው የሚያዩትን ባላባቶችና ነጋዴዎች አዩ።

"በሐሰት የማለ ልባል? እኔ አየለ?" አሉ በዝግታ። "እስቲ... እስቲ አስብበታለሁ።"

በነጠላ የተቋጠረውን ዳቦ ለዘበኛው ሰጡት፤ "ስጠው" ብለው። በቅሏቸው ላይ ወጡና ባዶዋን እየሳቡ የሁሩሙን መንገድ ያዙ። አንዴ ዞር ይላሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልዞሩም። ዘበኛው ዳቦውን ዘረጋለት፤ ሰይፉ አልተቀበለውም። አባቱ ከዓይን እስኪሰወሩ አየና ወደኔ መለስ አለ።

"ብያለሁ እኮ፣ ጋሼ" አለኝ። "አባት የለኝም።"